ባሕር የት አለና ነው?

(በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ፣ መርካቶ፣ አዲስ ከተማ በተሰበሰብንበት አዳራሽ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ሃያ ደቂቃ ሰጥቶኛል። ሲሰጠኝም አንድ ማስጠንቀቂያ ጨምሮልኛል፦ «ስለ ስኳር በሽታና ስለ ደም ግፊት እንዳታወሪብን፤ ሰው ምሳውን በሰላም ይብላ።» እሺ ብያለሁ። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ውሃ፣ ስለ ታንኳና ስለ መቅዘፊያ ነው። ሕክምናው ግን ተከትሎን መምጣቱ አይቀርም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ይህን ርዕስ የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እንደምታውቁት ከፋሲካ በኋላ ማኅበራችን ወደ ሐዋሳ የቤተሰብ ጉዞ አዘጋጅቷል። በፕሮግራሙ ሁለተኛ ቀን ላይ «የጀልባ ሽርሽርና የውሃ መዝናኛ» ተብሎ ተጽፏል። እስካሁን የተመዘገብነው ልጆቻችንን ጨምሮ ስልሳ ሁለት ሰዎች ነን። እስቲ ከተመዘገባችሁት ውስጥ ዋና የምትችሉ እጃችሁን አውጡ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰባት። ዶክተር፣ እርስዎ እጅዎን ያወጡት በግማሽ ነው፤ እንደ ግማሽ እቆጥረዋለሁ። እንግዲህ ስድስት ተኩል።

አገራችን «የውሃ ማማ» ትባላለች። ዓባይ፣ ተከዜ፣ ባሮ፣ ኦሞ፣ ዋቢ ሸበሌ፣ አዋሽ ከኛ ተራሮች ነው የሚወርዱት። ስምጥ ሸለቆው ከባቱ እስከ ጫሞ ሐይቅ በሐይቅ ነው። ቢሾፍቱ ብቻውን በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ የተኙ ሐይቆች ከቦውታል። እኛ ግን የምናውቀው ውሃ ጠበልና የምንጠጣው ነው፤ ከዚያ ያለፈው «እያሳሳቀ የሚወስድ» ነው። እናቶቻችን ወንዝ አጠገብ ስንደርስ እጃችንን አጥብቀው ይይዙ ነበር። ልክ ነበሩ። ግን መፍራትን እንጂ መዋኘትን አላስተማሩንም፤ እነሱንም ያስተማራቸው የለማ! «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ለኛ ሌላም ትርጉም ሊሰጥ ይችላል፦ የዓባይ ልጅ ዋና አያውቅም።

ሁላችንም እንዲህ ነን ማለቴ ግን አይደለም። ጎንደር የተማርን ሰዎች ወደ ጎርጎራ ስንወርድ ያየነውን አስታውሱ። ጣና ላይ ታንኳ ከኛ ሕክምናም ከኛ ዩኒቨርሲቲም በፊት የነበረ ጥበብ ነው። ደንገሉ ከሐይቁ ዳር ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ምስማር የለው፣ ሙጫ የለው። ቀዛፊው በረጅም ዘንግ እየገፋ ዓሣውንም እንጨቱንም ያሻግርበታል። ታንኳው ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲያረጅም በአዲስ ይተካል። በዚህ ሥራ ስማቸው የሚነሣው ወይጦዎች ናቸው። ዛሬ እነሱን የሚያሳስባቸው ደንገሉ እየተመናመነ መሄዱና በ2011 እ.ኤ.አ. ገደማ ሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ ነው።

አንድ ታሪክ ልጨምርላችሁ። ኖርዌጂያዊው ተጓዥ ቶር ሄየርዳል «የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ ነበር» ብሎ ለማሳየት ተነሣ። ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነው። የቻድ ሐይቅ ታንኳ ሠሪዎች ግብጽ ውስጥ ሠሩለት፤ ጀልባዋን «ራ» ብሎ ሰየማት። በ1969 እ.ኤ.አ. ከሞሮኮ ተነሥታ በአትላንቲክ ላይ ሳምንታት ሄደች። ከዚያ ኋላዋ ውሃ ጠጥቶ ሰጠመና ካሪቢያን ሳትደርስ ቀረች። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛዋ «ራ» ባርቤዶስ ደረሰች። እንግዲህ የጣና ደንገል አትላንቲክን ለመሻገር ጥቂት ሲቀረው፣ እኛ የጣና ዳር ተማሪዎች ጉልበታችን ድረስ ገብተን ፎቶ ተነሥተን እንመለስ ነበር።

በወንዞቻችን ላይም ሌሎች ቀድመውናል። በ1968 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ፣ በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የተመራ የእንግሊዝ ቡድን በሚነፉ የጎማ ጀልባዎች ዓባይን ወርዷል። ወታደሮች ነበሩ፣ ገመድና ሬዲዮ ነበራቸው፣ በአየርም ይደገፉ ነበር። እንደዚያም ሆኖ አንዱን ጓዳቸውን ውሃ ወሰደባቸው። በ1973 እ.ኤ.አ. ወጣት አሜሪካውያን ኦሞን በጎማ ጀልባ ወረዱ፤ የጉዞ ድርጅታቸውንም በጥንት ግብጾች የአዞ አምላክ ስም «ሶቤክ» አሉት። ኦሞ ላይ ምን እንዳስፈራቸው ከስሙ ይታወቃል። በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ከዓባይ መነሻ ተነሥተው፣ በ114 ቀን ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው እስክንድርያ፣ ሜድትራንያን ባሕር ደረሱ።

ይህን የምነግራችሁ ነገ ተነሥታችሁ የዓባይን ሸለቆ ውረዱ ለማለት አይደለም። ጉልበታችንንም ዕድሜያችንንም ዛሬ ጠዋት ደረጃው ላይ አይቼዋለሁ። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ ውሃችን የጀብዱ ውሃ ነው፤ ሰው ከዓለም ዳር ድረስ የሚመጣበት። ሁለተኛ፣ ደፋር ሰውም መቅዘፊያ ከመያዙ በፊት ጃኬቱን ማጥለቅ አለበት። ደፋርና ግድ የለሽ አንድ አይደሉም።

ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። መቅዘፍ የጀመርኩት ከአርባ ዓመቴ በኋላ፣ ቢሾፍቱ ላይ ነው። እዚያ ካያክ የሚያከራዩ መዝናኛዎች አሉ። ካያክ አንድ ወይም ሁለት ሰው የሚይዝ ቀጭን ጀልባ ነው፤ መቅዘፊያውም ሁለቱም ጫፉ ሰፊ ነው። በመጀመሪያው ቀን እንደ ባለ ሞተር ባጃጅ አንድ ቦታ ላይ ስዞር ዋልኩ። አስተማሪዬ የልጅ እግር ነው፤ «ዶክተር፣ በክንድዎ አይታገሉ፤ ወገብዎን ያዙሩ፣ ክንዱ ይከተላል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የሚቀዝፈው ወገብ ነው። ከሃያ አራት ሰዓት ተረኝነት በኋላ በማግስቱ ጠዋት ውሃው ላይ መቀመጥ ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም። ስልክ የለ፣ «ዶክተር፣ አንዴ» የሚል የለ። የመቅዘፊያው ድምፅና የወፍ ድምፅ ብቻ። ትከሻችሁና ጀርባችሁ ይሠራል፣ ጉልበታችሁ ያርፋል። ጉልበቱን ለሚያመው የኛ ትውልድ ከሩጫ ይሻላል። ይህን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ቁጠሩት።

አሁን ወደ ከባዱ ልሂድ። ምሳው ገና ስለሆነ ነው አሁን የምናገረው።

ተመርቄ በወጣሁባቸው ዓመታት፣ ከጣና ዳር ብዙ በማይርቅ አንድ ጤና ጣቢያ ሳለሁ፣ አንድ ከሰዓት የአሥር ዓመት ገደማ ልጅ ተሸክመው አመጡ። ከብት ሊያጠጣ ወርዶ ነው። አጎቱ ትከሻው ላይ ዘቅዝቆ እየሮጠ፣ ሌላው ሆዱን እየተጫነ ነበር የመጡት፤ «ውሃው ይውጣለት» ብለው። ከአርባ ደቂቃ በላይ ሮጠዋል። በዚያ አርባ ደቂቃ ውስጥ አንድም ሰው ትንፋሽ አልሰጠውም፤ ማንም አሳይቷቸው አያውቅምና። እኔና ነርሷ የቻልነውን ሁሉ አደረግን። አልተመለሰም። አጎቱ በኋላ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ውሃው ወጥቶ ነበር፤ ታዲያ ምን ቀረው?»

የቀረው አየር ነበር። ውሃ የበላ ሰው የሚሞተው ሆዱ ውሃ ስለሞላ አይደለም፤ አንጎሉና ልቡ ኦክስጅን ስላጡ ነው። አንጎል ያለ ኦክስጅን የሚታገሠው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሆድ መጫን ደግሞ ትውከት ወደ ሳንባ እንዲገባ ያደርጋል።

ይህ የአንድ ልጅ ታሪክ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ወደ 300,000 ሰዎች በመስጠም ሞተዋል። ከመቶ ዘጠና ሁለቱ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው፤ ማለትም እንደኛ ባሉ። ግማሽ ያህሎቹ ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በዚያው ዓመት ጁላይ 25ን መስጠምን የመከላከያ ቀን አድርጎታል። ይህ በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 18 ነው፤ ክረምቱ የሚበረታበት፣ ድንጋይ የተፈለጠበት ጉድጓድና የግንባታ ጉድጓድ የሚሞላበት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጅ ሁሉ ውጪ የሚውልበት። አዲስ አበባ ውስጥ ሐይቅ የለም ብለን አንታለል።

ሐኪም ያልሆናችሁ የትዳር ጓደኞችና ልጆች፣ ይህችን ያዙልኝ። የሚሰጥም ሰው አይጮኽም። ለመጮኽ ትንፋሽ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ያጣው ትንፋሽን ነው። እጁንም አያውለበልብም፤ ውሃውን ወደ ታች ይጫነዋል። አፉ ከውሃው በታችና በላይ ይላል፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጸጥ ይላል። ስለዚህ «ልጆቹ ጸጥ ብለው ይጫወታሉ» የሚባል ነገር ውሃ ዳር የለም። ጸጥ ሲሉ ሂዱና እዩ።

የሚሰጥም ሰው ስታዩ፣ ሠልጥናችሁ ካልሆነ ዘላችሁ አትግቡ። እንጨት አቀብሉ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩ፣ ሰው ጥሩ። ሲወጣ በጀርባው አስተኙት፣ አገጩን አንሥታችሁ የአየር መንገዱን ክፈቱ። የማይተነፍስ ከሆነ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ አምስት ትንፋሽ ስጡት። ከዚያ ደረቱ መካከል ሠላሳ ጊዜ ተጫኑ፣ ሁለት ትንፋሽ፤ ሠላሳ፣ ሁለት፤ እርዳታ እስኪመጣ ወይም መተንፈስ እስኪጀምር። ቢነቃም ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ሳንባው ሰዓታት ቆይቶ ሊያስቸግር ይችላል።

እንግዲህ የጉዞው ምዝገባ ሲከፈት እኔ የመርካቶ ልጅ ነኝና «ላይፍ ጃኬቱን እኔ አፈላልጋለሁ» አልኩ። መርካቶ የማይገኝ ነገር አለ እንዴ? አባቴ እዚሁ ጎሚስታ ነበር። የተበሳ የጎማ ላስቲክ፣ እኛ ካላማዳሪ የምንለውን፣ ነፍቶ በውሃ በርሜል ውስጥ ይደፍቀዋል፤ አረፋ የወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። የሰፈሩ ወንዶች ልጆች የተጠገነውን ለምነው ወንዝ ይወርዱበት ነበር። ካላማዳሪ ማለት በጣሊያንኛ «የአየር ክፍል» ማለት እንደሆነ ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ገበያውን ራሱን ከአራዳ ወደዚህ ያመጡት ጣሊያኖች ናቸውና ቃሉንም እዚሁ ትተውልናል።

አንድ ቅዳሜ ከአውቶቡስ ተራ ጀምሬ ዞርኩ። መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ልጁ ብርቱካናማ ሰደርያ አወጣልኝ፤ የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱትን፣ የሚያንጸባርቀውን። «ይሄ የውሃ አይደለም» ስለው «ቀለሙ እኮ አንድ ነው» አለኝ። ሁለተኛው የሚነፋ የሕፃናት ክብ አሳየኝ፤ ዳክዬ የተሳለበት። መጫወቻ ነው፣ ቢበሳ አለቀ። ሦስተኛው ጎልማሳ ነጋዴ ነው፤ በአክብሮት አዳምጦኝ ሲያበቃ «እናቴ፣ ባሕር የት አለና ነው?» አለኝ።

ቆይቼ ሳስበው ጥያቄው የሁላችንም ነው። ባሕር በር የሌላት አገር ስለሆንን ውሃ የሌለን ይመስለናል። ግን ባቦጋያ ሐይቅ ዳር የመርከብ መሐንዲሶች የሚሠለጥኑባት አገር ናት። ሐዋሳ ሐይቅ ከሃያ ሜትር በላይ የሚጠልቅበት ቦታ አለው። ለመስጠም ደግሞ ሃያ ሜትር አያስፈልግም፤ ለሕፃን ባልዲም ይበቃል።

በመጨረሻ ምን አለሽ ተራ ደረስኩ። ተራው በስሙ ይጠይቃል፤ እኔም መለስኩ። አንድ አዛውንት ከብረታ ብረት ክምር ሥር ሁለት እውነተኛ ላይፍ ጃኬት አወጡልኝ፣ አቧራ የበላቸው። «ይፈትሿቸው» አሉኝ፤ የውሃ በርሜልም ነበራቸው። የአምስት ኪሎ የሚዛን ብረት አስረን ጨመርናቸው። አንዱ ብረቱን ይዞ ቆመ። ሌላው ቀስ እያለ ወረደ፣ ታች ደርሶም ቁጭ አለ። ከላይ ሲታዩ መንትያ ነበሩ፤ የውስጥ ስፖንጁ ግን አርጅቶ ውሃ የሚጠጣ ሆኗል። አዛውንቱ አይተው «ይሄንንስ ለጠላትም አልሸጥ» ብለው ጣሉት። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ያኛውንም በነጻ ነው የሰጡኝ።

አምስት ኪሎ ለምን? ሰው ውሃ ውስጥ ሲሆን አብዛኛውን ክብደቱን ውሃው ይሸከምለታል። ጭንቅላቱን ከውሃ በላይ ለማቆየት የሚጎድለው ጥቂት ኪሎ ነው። ዋና ለሚችልና ለዳርቻ ቅርብ ለሆነ ሰው የሚሠሩት ጃኬቶች 50 ኒውተን ይላሉ፣ ወደ አምስት ኪሎ ማለት ነው። ዋና ለማይችል 100 ኒውተንና ከዚያ በላይ ይመረጣል። እኛ ስድስት ተኩል ነን ዋና የምንችለው፤ ስለዚህ 100 የሚለውን ፈልጉ። ልካችሁ መሆኑን ለማወቅ ልበሱና ሁሉንም ማያያዣ ቆልፉ፤ ሌላ ሰው በትከሻው በኩል ወደ ላይ ይሳበው። አገጭና ጆሮ ካለፈ ትልቅ ነው። የልጅ ከሆነ በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ይኑረው። ከሁሉም በላይ ይለበስ! ብዙ ጀልባ ላይ ጃኬት መቀመጫ ሆኖ ነው ያየሁት።

መርካቶ ባዶ እጄን አልመለሰችኝም። ሁላችን የምናውቀውን ቢጫ የሃያ ሊትር ጀሪካን ያዙ። ለመወርወር እንዳይቀል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ጨምሩበት፣ ክዳኑን አጥብቁ፣ እጀታው ላይ አሥራ አምስት ሜትር ገመድ እሰሩ። የሚሰጥም ሰው አቅፎት ይንሳፈፋል፣ እናንተ ከዳር ትስባላችሁ። ጃኬትን አይተካም፤ ግን በየጀልባውና በየወንዙ ዳር አንድ አንድ ቢኖር ያ አጎት ከአርባ ደቂቃ ሩጫ ይድን ነበር ብዬ አስባለሁ።

አንድ የሕክምና ነገር ቀርቶኛል፤ ቢልሃርዚያ። ጣናም ባቱም ሐዋሳም የዚህ ትል መኖሪያ የሆኑ ዳርቻዎች አሏቸው። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በቆዳችን ይገባል። ሣር የበዛበት፣ ውሃው የቆመበት፣ ሰው የሚታጠብበት ዳርቻ ላይ አትግቡ፤ ጀልባ ስትሳፈሩ በመድረኩ በኩል ውጡ። ከነካችሁ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ተመርመሩ። ፕራዚኳንቴል አለ፣ ይድናል፤ አትሸበሩ።

እዚህ ላይ የአንድ ኢትዮጵያዊ ስም ሳይነሣ ማለፍ ነውር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተመለከቱ። ከዚያ በመነሣት እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል በምርምር አሳዩ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። የጀመረው ወንዝ ዳር ቆሞ በደንብ በማየት ነው። ውሃን መፍራት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያንን ባላዩ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ኮሚቴው ፊት የቆምኩት ለመለመን ነው፤ ድምፅ እንድትሰጡበትም እፈልጋለሁ።

አንደኛ፣ በበጀታችን ላይ ለቲሸርትና ለባነር የተያዘ ገንዘብ አለ። ቲሸርቱ ይቅር። በሱ ፋንታ ሠላሳ ላይፍ ጃኬት፣ ከዚያም ውስጥ አሥራ ሁለቱ የልጅ፣ ከነምልክታቸው ከታመነ አስመጪ ይገዛ። በሁለት ዙር ብንወጣ ስልሳ ሁለታችንን ለማዳረስ አንድ ብቻ ይጎድላል። እሱም ያዛውንቱ ጃኬት ነው፣ እኔ እለብሰዋለሁ።  ስንመለስ ጃኬቶቹን ሐዋሳ ላሉት ጀልባ ነጂዎች እንተውላቸው። እነሱ በየቀኑ ነው ውሃ ላይ የሚውሉት፤ እኛ በዓመት አንድ ቀን።

ሁለተኛ፣ ልጆቻችን ከአሁኑ ዋና ይጀምሩ። እኛም። ስድስት ሳምንት አለን። ዋናተኛ ለመሆን አይበቃም፤ በጀርባ ተንሳፍፎ ሳይደናገጡ መተንፈስ ለመቻል ግን ይበቃል።

ሦስተኛ፣ በጉዞው የመጀመሪያ ቀን ከሰዓት አንድ ሰዓት ለትንፋሽ አሰጣጥ ሥልጠና ይመደብ። የሚሠለጥኑት ቤተሰቦቻችንና ጀልባ ነጂዎቹ ናቸው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሐኪም ሞልቷል፤ አሠልጣኝ አናጣም። በማግስቱ ጀልባው ጠዋት በማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሣ ይውጣ። ጀልባ ላይ ማንም አይቁም። ከጉማሬ እንራቅ፤ ለፎቶ ብላችሁ ነጂውን «ትንሽ ጠጋ» አትበሉት። ቢራውም ከጀልባ በኋላ ይሁን።

ጃኬቱ ካልተሟላ ደግሞ ጀልባው ይሰረዝ። አሞራ ገደል ተቀምጠን ዓሣችንን በልተን፣ ወፎቹን አይተን እንመለስ። ይህም ጥሩ ቀን ነው። «ባለፈው ዓመት ያለ ጃኬት ሄደን ምንም አልሆንም» የሚል አንድ ወዳጄ አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ ከፊት ረድፍ ነው የተቀመጠው። ወንድሜ፣ አንተ የልብ ሐኪም ነህ። ለታካሚህ «ባለፈው ዓመት መድኃኒት ሳትወስድ ምንም አልሆንክም» ትለዋለህ?

ሐዋሳ ከተሳካ የሚቀጥለውን እናስባለን። መንገዱ ሲፈቅድ ወደ ጎርጎራ፣ ወደ ተማርንበት አገር ብንመለስ ደስ ይለኛል። የታንኳ ሠሪዎቹን ሥራ አይተን፣ ለልጆቻችን አሳይተን፣ ዋጋውን ከፍለን። በተማሪነታችን ያየነው ከዳር ነበር፤ በዚያን ጊዜ ውሃው ላይ ወጥተን እናየዋለን።

የድምፅ መስጫው ወረቀት ከምሳ አዳራሹ መግቢያ ላይ ተቀምጧል። ቲሸርት ወይስ ጃኬት ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ለዋና የሚመዘገብበትም አጠገቡ ነው፤ የመጀመሪያውን ስም እኔ ጽፌያለሁ፣ በካያክ ከመውደቅ እንጂ ከመዋኘት ገና አልተመረቅሁምና። ግማሽ እጅዎን ያወጡት ዶክተርም ሁለተኛው ላይ እንዲጽፉ እጠብቃለሁ። ለሚቀጥለው ዓመት መጽሔታችን የሚሆነው ፎቶ ሁላችንም ብርቱካናማ ለብሰን፣ ስልሳ ሁለታችንም ተቆጥረን ቢሆን ደስታዬ ነው።